ስለ ሰውነት ሙቀት አለካክ፤ እጅ የጠረጠረውን መሣሪያ እንዲመሰክር

ልክ የሌለው ነገር ሁሉ ክርክር አያጣም። እህል በቁና፣ ቅቤ በሚዛን፣ መሬት በገመድ፣ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጸሎቱንና የቅዳሴውን ጊዜ ሲያውቁ ኖረዋል። ዳሩ ግን መለካት ብቻውን እውነትን አያስገኝም። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና በልጦ ወይም አንሶ ሲገኝ ሻጭና ገዢ ይጣላሉ፤ ጥላውን የሚለካ ሰውም ወሩን ካላወቀ የሐምሌን ጫማ በታኅሣሥ ቆጥሮ ይሳሳታል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው አንድ ልክ በተነገረው ጊዜ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም በምን ተለካ፣ ከየት ላይ ተለካ፣ መቼ ተለካ ብሎ ነው። የሰውን ሰውነት ሙቀት በመለካትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን በቁና የተሳሳተ ሰው እህል ሲጎድልበት፣ በትኩሳት የተሳሳተ ሰው ነፍስ ሊጎድልበት መቻሉ ነው።

ለዚህ ነገር በደቡብ ወሎ በምዕራብ በኩል ያለው አገር፣ ማለት ከላላ፣ ቦረና፣ ወግዲና አካባቢያቸው፣ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር በሚደርስ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከደጋው ጫፍ ወደ ዓባይና ወደ ዠማ የሚወርደው ቁልቁለት ግን ማለዳ በውርጭ የተነሣውን መንገደኛ ከቀትር በኋላ በቆላ ሐሩር ውስጥ ያገኘዋል። በቆላው የወባ ትንኝ አለች፤ በደጋው ሰው በብርድ ምክንያት ተጠጋግቶ ስለሚያድርና ልብሱን ቶሎ ቶሎ ስለማያጥብ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ይመላለሳሉ፤ ሕፃናትን ደግሞ የሳንባ ምች ያስጨንቃቸዋል። የእነዚህ ሁሉ በሽታዎች የመጀመሪያ ምልክት በብዙው ትኩሳት ነው። ባላገሩም ይህን ያውቃል፤ አንዱ ንዳድ ይለዋል፣ ሌላው ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ያሸታል፣ ሌላውም ብርድ ነው ብሎ ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። ስሙ ይለያይ እንጂ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው በእውነት ትኩሳት አለበትን?

ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን የአገሪቱ ታሪክ ያስረዳል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ቆላውን አልፎ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወይና ደጋ በመውጣቱ፣ በሽታውን የማያውቀውን ሕዝብ አጠቃው። በዚያ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ ወደ 150,000 የሚጠጋም እንደ ሞተ ተገምቷል። ደገኛ ወባን የቆላ በሽታ ብቻ አድርጎ በመቁጠሩ ትኩሳቱን ሌላ ስም ሰጥቶ ሊዘገይ ይችላል፤ ዛሬም ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የሚመለስ ሰው በሽታውን ይዞት እንደሚወጣ መዘንጋት አይገባም።

ከመለኪያዎች ሁሉ ጥንታዊው የእናት እጅ ነው። እናት የልጅዋን ግንባር፣ አንገትና ሆድ ዳስሳ ታውቃለች፤ ዋጋ አይከፈልበትም፣ አይሰበርም፣ በሌሊትም አይጠፋም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች ይህን እጅ በመሣሪያ አጠገብ አቁመው መዝነውታል። የተገኘውም ፍርድ ሁለት ወገን አለው። እናት ልጄ አልተኰሰም ባለች ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትክክል ናት፤ ተኵሷል ባለች ጊዜ ግን መሣሪያው ደጋግሞ አይስማማትም። እንግዲህ እጅ መልካም ጠርጣሪ ነው፤ ምስክር ሆኖ ለመቆም ግን አይበቃም።

ምክንያቱም እጅ የሚያውቀው ሙቀትን ሳይሆን ልዩነትን ነው። ውሃ ቀድታ ከምንጭ የተመለሰች ሴት እጅዋ ስለ ቀዘቀዘ ጤነኛው ልጅ ሁሉ ትኵስ ይመስላታል፤ እንጀራ ስትጋግር የቆየችው ደግሞ እጅዋ ስለ ሞቀ የታመመውን ልጅ ቀዝቃዛ ነው ልትል ትችላለች። የደጋ ብርድ ይህን ስሕተት ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከዚህም በላይ እጅ ቍጥር አይናገርም። ትላንት እንዴት ነበር ዛሬስ እንዴት ነው ቢባል ከግምት በቀር የሚመልሰው የለም፤ ሌላው ሰው ደግሞ የፊተኛውን ሰው መዳሰስ ከራሱ መዳሰስ ጋር ሊያስተያየው አይችልም።

ስለዚህ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙቀትን በቍጥር ለማስነገር ብዙ ደከሙ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሳንቶሪዮ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም ምልክት የተደረገበት የመስተዋት መሣሪያ ሠርቶ በሽተኞችን በአፍ ለካ። በ1714 ፋራናይት ባዜቃን፣ ማለት ሜርኩሪ የሚሉትን ፈሳሽ ማዕድን፣ በመስተዋት ውስጥ አድርጎ የሚታመን ቴርሞሜትር አወጣ። በ1742 የስዊድኑ ሊቅ ሴልሲየስ በውሃ መርጋትና በውሃ መፍላት መካከል ያለውን መቶ ደረጃ አደረገው፤ መጀመሪያ ግን የሚፈላውን 0፣ የሚረጋውን 100 ብሎት ነበር፤ በኋላ ተገለበጠና ዛሬ የሚሠራበት ሆነ።

ቴርሞሜትር ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ በሥርዓት የገባው በጀርመናዊው ሐኪም በቩንደርሊኽ ድካም ነው። ይህ ሰው ከ25,000 ከሚያህሉ በሽተኞች የሰበሰበውን እጅግ ብዙ ልክ መርምሮ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጤነኛ ሰው ሙቀት መካከለኛው 37 ዲግሪ ነው ብሎ ወሰነ፤ ይልቁንም ትኩሳት ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት መሆኑን አስተማረ። ለመለካት የተጠቀመበት መሣሪያ ወደ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝምና በብብት ውስጥ እስከ 20 ደቂቃ የሚቆይ ነበር። በዚያው ዘመን በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኦልበት 15 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነና በ5 ደቂቃ የሚለካ አጭር ቴርሞሜትር ስላወጣ፣ መሣሪያው በሐኪም ኪስ ውስጥ የሚገባ ሆነ።

ያ 37 ዲግሪ የተባለው ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ሁሉ አፍ አለ፤ ብዙ ሰውም ከእርሱ በላይ ያለውን በሽታ፣ ከእርሱ በታች ያለውን ጤና አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1992 በአሜሪካ 148 ጤነኛ ሰዎች በአፍ ተለክተው መካከለኛው 36.8 ሆኖ ተገኘ፤ ከቩንደርሊኽ ዘመን የቀረ አንድ መሣሪያም ሲፈተን ከእውነተኛው ልክ ከፍ አድርጎ የሚናገር ሆነ። በ2020 በዚያው አገር የወጣ ጥናት ደግሞ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ የአሜሪካኖች መካከለኛ ሙቀት በጥቂት በጥቂቱ ወርዶ ወደ 36.6 እንደ ደረሰ አመለከተ። እንግዲህ 37 ግድግዳ ሳይሆን በር ነው፤ ጤና በእርሱ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። በቀኑ ውስጥ ስንኳ ሙቀት አንድ ሆኖ አይውልም፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ዝቅ ይላል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ ግማሽ ዲግሪና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። የሽማግሌ ሙቀት ከጐልማሳ ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ አረጋዊ ሰው ብርቱ በሽታ ይዞት ሳለ ቍጥሩ ብዙ ላይወጣ ይችላል።

አሁን ከየት ላይ ይለካ ወደሚለው እንመለስ። ሐኪም ማወቅ የሚፈልገው የቆዳን ሙቀት አይደለም፤ በልብ፣ በጕበትና በአንጎል ዙሪያ ያለውን የውስጥ ሙቀት ነው። ወደዚያ የሚያስገባ በር ጥቂት ነው፤ በሮቹም እኩል አይደሉም።

ለውስጥ ሙቀት እጅግ የሚቀርበው በመቀመጫ በኩል መለካት ነው። ይህ በሆስፒታል የብርድ ሕመም ለያዘው ወይም ሁኔታው ለከበደ በሽተኛ ይጠቅማል፤ በዚህ በኩል 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ይባላል። ዳሩ ግን ጥንቃቄና ንጽሕና ይፈልጋል፤ በተለይ ሕፃንን ያልተማረ ሰው ቢለካው ሊጐዳው ይችላል፤ ለሰውም ኀፍረት አለበት። ስለዚህ በመንደር የሚሠራበት አይደለም።

ሁለተኛው በምላስ ሥር መለካት ነው። ይህ ለአዋቂ ሰው መልካም ነው፤ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው የሚተነፍስ ሊሆን ይገባል። ትኩስ ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ሰው ግን እስከ ግማሽ ሰዓት ካልቆየ ቍጥሩ የቡናው እንጂ የሰውየው አይሆንም። በሦስት ሲኒ ቡና እንግዳ በሚከበርበት አገር ይህን ማስታወስ ትንሽ ነገር አይደለም። ትንሽ ልጅ፣ የሚያስል ሰው፣ ራሱን የሳተ በሽተኛ በአፍ አይለካም፤ መስተዋቱን ነክሶ ሊሰብረው ይችላልና።

ሦስተኛው ብብት ነው። ብብት ከውስጥ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ያላነሰ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ ልኩ ሌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው የሕክምና መመሪያ በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ሆኖ ይቈጠራል። ብብት ትክክለኛነቱ ከሁለቱ ቢያንስም ጕዳት የለበትም፣ ኀፍረት የለበትም፣ ለሕፃንም ለአዋቂም ይሆናል። የሚፈልገው ግን ትዕግሥት ነው። ላቡ ይጠረጋል፤ የመሣሪያው ጫፍ ከልብስ ሳይሆን ከቆዳ ጋር በብብቱ መካከል ይደረጋል፤ ክንዱም በደረት ላይ ይታጠፋል። የባዜቃ መሣሪያ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ በኤሌክትሪክ ድንጋይ የሚሠራው ዲጂታል መሣሪያ ድምፁ እስኪሰማ ይቆያል። ደቂቃውን ሳይጠብቅ የሚያወጣ ሰው ራሱን ያታልላል።

አራተኛው ጆሮ ነው። የጆሮው መሣሪያ ከጆሮ ከበሮ የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር በጥቂት ሰከንድ ይቀበላል። ፍጥነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ወደ ከበሮው ካልቀና፣ ወይም ጆሮው በቆሻሻ ከተደፈነ ያሳስታል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃንም የጆሮው መንገድ ጠባብ ስለ ሆነ አይመከርም።

አምስተኛው ግንባር ነው። ይህን ሕዝቡ በደንብ ያወቀው በኢትዮጵያ የኮሮና በሽታ መኖሩ ከተገለጸበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ በር እንደ ሽጉጥ ወደ ግንባር የሚቀሰር መሣሪያ ከመጣ በኋላ ነው። ሰውን ሳይነካ መለካቱ በተላላፊ በሽታ ጊዜ ትልቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን የሚለካው የቆዳን ሙቀት ብቻ ነው፤ የውስጡን ሙቀት በሒሳብ ይገምታል እንጂ አያየውም። ስለዚህ ላብ፣ ፀሐይ፣ ንፋስና ብርድ ሁሉ ያናውጡታል። መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከ16 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ ነው፤ የደጋ ማለዳ ደግሞ ከዚህ በታች ይወርዳል። በንፋስ የመጣ ሰው ግንባሩ 34 ዲግሪ ቢያሳይ ሰውየው ሊሞት ነው ማለት አይደለም፤ እንዲሁም በውስጡ 38.5 ትኩሳት ያለበት ሰው በዚያው ብርድ 36.5 አሳይቶ በበሩ ሊያልፍ ይችላል። ጥምጥሙን ወይም ሻሹን አሁን የፈታ ሰው ግንባሩ ሞቆ ይገኛል፤ ከጠበል ወይም ከመታጠቢያ አሁን የወጣ ሰው ደግሞ ቀዝቅዞ ይገኛል። በግንባር የሚለካ ሁሉ ሰውየውን በቤት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሳርፎ፣ ግንባሩን አድርቆ፣ በመሣሪያው መመሪያ በተጻፈው ርቀት ሊለካ ይገባዋል። ያንጊዜም ቢሆን የሚጠራጥር ቍጥር ከመጣ በብብት ይመረምረው።

ስለ ባዜቃው መሣሪያም አንድ ቃል ይገባል። ለመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ የሐኪም ታማኝ አገልጋይ ሆኖ ኖሯል። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ጠባብ አንገት የወጣውን ባዜቃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያግደው፣ ከብብት ከወጣ በኋላ ስንኳ ቍጥሩን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ከመለካት በፊት ከ35 በታች እስኪወርድ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ያልተራገፈ መሣሪያ የትላንቱን በሽተኛ ትኩሳት ለዛሬው ሰው ይሰጣል። ነገር ግን ባዜቃ መርዝ ነው፤ በተሰበረ ጊዜ የሚወጣው ትነት ያማል። ስለዚህ በ2013 በጃፓን በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት የገቡ መንግሥታት ከ2020 ወዲህ እንዲህ ያለውን ቴርሞሜትር መሥራትና ከአገር ወደ አገር ማሻሻጥ እንዲቀር ተስማምተዋል። በአንዳንድ ቤት የቀረው ቢሰበር በእጅ አይነካ፣ በመጥረጊያም አይበተን፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆች ከቤት ወጥተው፣ በወረቀት ተሰብስቦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ እሳትም ከቶ አይጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በከላላና በመካነ ሰላም ደጋ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የአራስ ሕፃን ነገር ነው። ስለ ትኩሳት የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀት መጨመርን ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ትንሽ፣ ቆዳው ቀጭን፣ ስቡ ጥቂት ስለ ሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ብርቱ በሽታም ይዞት ሳለ እንደ መተኰስ ፈንታ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እጅም ሕፃኑ አልተኰሰም ስላለ ቤተ ሰቡ ደህና ነው ብሎ ይተኛል፤ በሌሊቱ ብርድ ውስጥም ሕፃኑ ጡት መጥባት ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ይህ ነው፤ ለአራስ ሕፃን ደህናው ከ36.5 እስከ 37.5 ነው፤ ከዚያ በታች የወረደ መሞቅ ያስፈልገዋል፤ ከ35.5 በታች የወረደ ወይም 37.5ና ከዚያ በላይ የደረሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባል። እዚህ ላይ የባዜቃው መሣሪያ ሌላ ጕድለት ይታያል። ብዙው የሚጀምረው ከ35 ስለ ሆነ 33 ዲግሪ የደረሰውን ሕፃን ሁሉ 35 አድርጎ ያሳየዋል፤ ስለዚህ ለአራስ ከ35 በታች ወርዶ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ለዚህም የሚሆነው ፈውስ መጀመሪያ ውድ ዕቃ አይደለም። ሕፃኑ እንደ ተወለደ አድርቆ፣ በራሱ ላይ ቆብ አድርጎ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝቶ ከላይ በጋቢ መሸፈን፣ ቶሎም ማጥባት ነው። ገላውን ማጠብም ቢያንስ እስከ ማግስቱ ይቆይ። ካህናትም ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ሲያጠምቁ ሕፃኑ ከውሃው እንደ ወጣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለእናቱ እንዲሰጥ ቢያዝዙ፣ ሥርዓቱ አይጐድልም፤ ሕፃኑም ይጠበቃል።

አንድ ጊዜ የተለካ ቍጥር ደግሞ ሙሉ ነገር አይነግርም። ወባ በብዙው ሰውን በየሁለት ቀኑ ያንቀጠቅጠዋል፤ በመካከል ያለው ቀን ሰውየው ተነሥቶ እህል ሊቀምስ ይችላል። ግርሻም ስሙ እንደሚያመለክተው አምስት ስድስት ቀን ያህል አቃጥሎ ይለቅና፣ ሳምንት ያህል ካሳረፈ በኋላ ተመልሶ ይይዛል፤ የኢትዮጵያ ደጋ በዓለም ላይ ይህ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች ዋናው ነው። እንግዲህ በዕረፍቱ ቀን የተለካ ሰው 36.8 ቢገኝ ዳነ ማለት ስሕተት ነው። መፍትሔው ጥዋትና ማታ መለካትና መጻፍ ነው። በአንዲት ቍራጭ ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ቍጥሩ ቢጻፍ፣ ማለት «ኅዳር 12፣ ማታ 1 ሰዓት፣ በብብት፣ 39.1» ቢባል፣ ያች ወረቀት በጤና ጣቢያ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። ሐኪሙ የቍጥሩን መውጣትና መውረድ አይቶ የበሽታውን ጠባይ ይለያል።

ዳሩ ግን ቍጥሩ የበሽታውን ስም አይጠራም። 39 ዲግሪ የወባም፣ የተስቦም፣ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ስሙን የሚገልጸው የደም ምርመራና የሐኪም ዐይን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተኰሰውን ሁሉ ወባ ነው ብሎ ያለ ምርመራ መድኃኒት መስጠት ሌላውን በሽታ መሸሸግ ነው፤ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰውንም ደገኛ ያለ ደም ምርመራ ብርድ ነው ብሎ መስደድ ለሞት መተው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ጤና ኬላ ያቆመው፣ ሕዝቡ ይህን ምርመራ በሩቅ ሳይፈልግ በአቅራቢያው እንዲያገኝ ነው።

እንግዲህ ከመለኪያዎች የትኛው ይሻላል ለሚል ሰው መልሱ እንዲህ ነው። እጅ ለመጠርጠር ይሁን፤ ጥርጣሬው ግን ወደ መሣሪያ ይምራ። ለመንደርና ለጤና ኬላ በብብት የሚለካው ዲጂታል መሣሪያ ከሁሉ ይስማማል፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ መርዝ የለበትም፣ ከ35 በታች የሚያነበውም ተመርጦ ሊገዛ ይችላል። በምላስ ሥር መለካት ለአዋቂ፣ በመቀመጫ በኩል መለካት ለሆስፒታል ይቅር። የግንባሩ መሣሪያ ብዙ ሰው በሚያልፍበት በር ለማጣራት ይጠቅማል፤ በደጋ ብርድ ውስጥ ግን በእርሱ ብቻ ፍርድ አይሰጥ። የሰውነት ሙቀትም የትም ይለካ የት፣ ቦታውና ሰዓቱ ሳይጻፍ ቍጥር ብቻ አይነገር።

በዚህ ነገር የወረዳና የጤና ሹማምንት ድርሻ የታወቀ ነው። መሣሪያ መግዛት ብቻ ሥራ አይባልም፤ ድንጋዩ ያለቀበት ዲጂታል መሣሪያ በመሳቢያ ውስጥ ቢኖር እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ በየጤና ኬላው ትርፍ ድንጋይ መኖሩን፣ ከመሣሪያዎቹም አንዱ ለአራስ የሚሆን መሆኑን፣ መሣሪያዎቹም በየጊዜው እርስ በርሳቸው ተስተያይተው መፈተናቸውን ሊጠይቁ ይገባል። ሁለት መሣሪያ በለብታ ውሃ ውስጥ አብሮ ቢገባና ቢለያይ፣ አንዱ መዋሸቱ ይታወቃል፤ ሐሰተኛ ቁና ከገበያ እንደሚወጣ ሐሰተኛ ቴርሞሜትርም ከሥራ ይውጣ።

የካህናትና የሼኾች ድርሻም ከዚህ አያንስም። በወሎ ደጋ በሽተኛ በተኛበት ቤት ከሐኪም አስቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የንስሓ አባት ወይም ሼኹ ነው፤ ቃሉም ይሰማል። ጸሎትና ጠበል የእግዚአብሔርን ምሕረት መለመኛ ናቸው፤ መለካት ደግሞ እርሱ በሰጠው ዕውቀት መጠቀም ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በሽተኛውን የባረከ አባት ወጥቶ ከመሄዱ በፊት «ተለክቷል ወይ? ስንት ሆነ? ከየት ላይ? መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አራስ ባለበት ቤትም «ሕፃኑ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል?» ቢል፣ ይህች ጥያቄ ብቻ ብዙ ቤት ታነቃለች። የተጻፈች ወረቀት ይዞ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ኬላ የሚሄድ ቤተ ሰብ ሁሉ ከግማሽ መንገድ በላይ ተጕዟል።